የባልትና ዐምድ፤ ስለ ቀዝቃዛ ቡናና ስለ ጓዳችን ቅመም

በዚህ ወር የምንነጋገርበት ጉዳይ ሲያዩት ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን የብዙ ቤት ጓዳ የሚነካ ስለ ሆነ ችላ ልንለው አልወደድንም። ይኸውም ቅመም ወይም ጣፋጭ ነገር ገብቶበት፥ በበረዶ ቀዝቅዞ የሚጠጣው ቡና ነው። ልጆቻችን ለትምህርት ወይም ለሥራ ወደ ሐዋሳና ወደ አዲስ አበባ ሄደው ሲመለሱ ይህን መጠጥ ለምደው ይመጣሉ። እናት ጀበናዋን ጥዳ ስትጠብቅ፥ ልጅ «እኔስ የቀዘቀዘውን ነው የምወድ» ትላለች። እናትም ታዝናለች፤ «የቀዘቀዘ ቡና ለሰው ማቅረብ ነውር አይደለምን?» ትላለች። ልጅ በበኩልዋ እናትዋ ዘመኑን ያልተረዳች ይመስላታል። እንዲህ ባለ ጥቂት ነገር የቤት ፍቅር ሲደፈርስ ዝም ብሎ ማየት አይገባም።

ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ እንመርምረው። ምሳሌያችንንም ከወላይታ አገር እንወስዳለን። ምክንያቱም ቡናን በቅመም ማጣፈጥ ለወላይታ እናቶች ትናንት የመጣ ሳይሆን ከአያት ከቅድመ አያት የተረከቡት ሙያ ነው። ሁለተኛም፥ የወላይታ ምድር ደጋውንም ወይና ደጋውንም ቆላውንም አንድ ላይ የያዘ ስለ ሆነ፥ በዳሞታ ተራራ ሥር ጋቢ ለብሶ ትኩስ ቡና የሚሻ ሰው ሲኖር፥ በሁምቦ ቆላና በዓባያ ሐይቅ አቅራቢያ ደግሞ በቀትር ቀዝቃዛ ነገር የሚመኝ ሰው ይኖራል።

ወላይታ ሶዶ ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ የምትገኝ፥ ከባሕር ወለል በላይ 2000 ሜትር በሚያህል ከፍታ ላይ የተሠራች ከተማ ናት። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲቋቋም የክልሉ መንግሥት መቀመጫ ሆናለች። በከተማዋ ዙሪያ ያለው ገበሬ ቤቱን በእንሰት ከብቦ፥ በእንሰቱ መካከል ጥቂት የቡና እግር ይተክላል። የዚህ ቡና ፍሬው ወደ ገበያ ይወጣል፤ ቅጠሉ ግን ለቤት ይቀራል። በወላይትኛ ቅጠል ሃይታ፥ ቡና ደግሞ ቱኬ ይባላልና፥ ከዚህ ቅጠል የሚፈላው መጠጥ ሃይታ ቱኬ ተብሎ ይጠራል።

የሃይታ ቱኬ አሠራር የባልትናን ጥበብ የሚያሳይ ነው። የቡናው ቅጠል ታጥቦ ከዝንጅብል፥ ከነጭ ሽንኩርት፥ ከበሶብላ፥ ከቃሪያ ወይም ከበርበሬ ጋራ በሙቀጫ ይወቀጣል፤ ጨው ይጨመርበትና በውኃ ይፈላል። የቅመሙ ዐይነትና መጠን እንደየቤቱ ይለያያል፤ አንዲቱ እመቤት ዝንጅብሉን ስታበዛ ሌላዪቱ ጤና አዳም ትጨምርበታለች። ከቁርስ ስኳር ድንች ወይም ጎደሬ ጋራ ይቀርባል፤ ጎረቤትም በጠዋት ተጠርቶ ይጠጣዋል። በሐረር ቁጢ፥ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደግሞ ጨሞ የሚባሉት መጠጦች እንዲሁ ከቡና ቅጠል የሚሠሩ የሃይታ ቱኬ ዘመዶች ናቸው።

ይህን ያነሣነው በከንቱ አይደለም። በዛሬው ጊዜ ከውጭ አገር በጠርሙስ እየታሸገ «የቡና ማጣፈጫ» እየተባለ የሚመጣ ሽሮፕ አለ፤ ዋጋውም ቀላል አይደለም። የቫኒላ ነው፥ የካራሜል ነው እየተባለ ይሸጣል። ነገር ግን ኮረሪማ የበቀለባት፥ ዝንጅብል በጓሮ የሚነቀልባት አገር ለቡናዋ ማጣፈጫ ከባሕር ማዶ መለመን የሚያስፈልጋት አይመስለንም። የኛን ነገር እኛ ስንንቀው ሌላው ያነሣዋል፤ የቡና ቅጠል ፍልን የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2020 ከውጭ አገር የመጣ ባሕላዊ ምግብ ብሎ በገበያው ላይ እንዲሸጥ ፈቅዶታል። የወላይታ እናት በየጠዋቱ ስታፈላው የኖረችው መጠጥ እንግዲህ በሩቅ አገር መደብር ዋጋ ተተምኖለታል ማለት ነው።

ስለ ዝንጅብልም አንድ ቃል እንጨምር። የወላይታ ገበሬ በተለይም በቦሎሶ በኩል ያለው፥ ዝንጅብል አምርቶ በመሸጥ ብዙ ዘመን ኑሮውን ደግፏል። በ2004 ዓ.ም. ግን ባክቴሪያ የሚያመጣው የአጠውላጊ በሽታ ተነሥቶ በደቡብ የሚገኘውን የዝንጅብል ተክል እጅግ ጎዳው፤ ብዙ ገበሬም ማሳውን ለሌላ ተክል ለወጠ። ስለዚህ አንዲት እመቤት ለሽሮፕ ጠርሙስ የምታወጣውን ገንዘብ ለገበያው ዝንጅብልና ለኮረሪማ ብታውለው፥ የቤትዋን መጠጥ ከማጣፈጥዋ በላይ የአገርዋን ገበሬ ትረዳለች።

አሁን ደግሞ ወደ ቅዝቃዜው እንመለስ። ቡናን አቀዝቅዞ መጠጣት የዛሬ ወጣቶች የፈጠሩት ነገር አይደለም። በአልጄሪያ አገር ማዛግራን የሚባል ምሽግ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1840 በዚያ ጦርነት ሆኖ ነበር። በዚያ አገር የነበሩ የፈረንሳይ ወታደሮች ቡናን በቀዝቃዛ ውኃ እየበረዙ ይጠጡ ስለ ነበረ፥ በብርጭቆ የሚቀርበው ቀዝቃዛ ቡና በፈረንሳይ አገር ማዛግራን ተብሎ ተጠራ። ቅዱስ ጳውሎስ መልእክት በጻፈላት በተሰሎንቄ ከተማም እ.ኤ.አ. በ1957 በተደረገ የንግድ ትርኢት ላይ፥ የቡና ዱቄት ከቀዝቃዛ ውኃ ጋራ ተመትቶ አረፋ እንዲያወጣ የሚደረግበት መጠጥ ተጀመረ፤ ግሪኮች ፍራፔ ብለው እስከ ዛሬ ይጠጡታል። በቬትናም አገር ደግሞ ጠቆር ያለ ቡና ከጣፋጭ የቆርቆሮ ወተት ጋራ በበረዶ ላይ ይፈስሳል። ሞቃት አገር ያለ ሕዝብ ሁሉ እንደ አቅሙ መላ ፈልጓል።

አረጋውያን «ይህስ ከኛ ልማድ የወጣ ነው» ብለው ቢጠራጠሩ አንፈርድባቸውም። ነገር ግን አንድ ነገር እናስታውሳቸው። ትኩሱ ቡና ራሱ በብዙ የኢትዮጵያ ክርስቲያን ቤት በነቀፌታ የሚታይበት ዘመን ነበረ። ጥርጣሬው የተወገደው በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ እንደ ሆነ፥ ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ቡና ይጠጡ እንደ ነበረ፥ አቡነ ማቴዎስም የካህናቱን ጥርጣሬ ለማስወገድ ብዙ እንደ ረዱ የታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ። ዛሬ ያለ ቡና የማይውል ክርስቲያን ቤት ጥቂት ነው። እንግዲህ መጠጡ ትኩስ ወይም ቀዝቃዛ መሆኑ ብቻ አያስነቅፈውም፤ የሚያስነቅፈው ወይም የሚያስመሰግነው አሠራሩና አጠጣጡ ነው።

በአሠራሩ ረገድ ለኛ ቤት ትልቁ ጥያቄ የጾም ጉዳይ ነው። በኛ አገር ሙቀቱ የሚበረታው በየካቲትና በመጋቢት ሲሆን፥ ይህ ወራት 55 ቀን የሚጾመው ዐቢይ ጾም የሚውልበት ነው። በወላይታም በፍስክ ቀን ቡናን በጨውና በቅቤ መጠጣት የታወቀ ነው። ከውጭ የሚመጣው የቀዝቃዛ ቡና አሠራር ግን ብዙ ጊዜ ወተት ወይም ክሬም ይጠይቃል። እንኳን በጾም፥ በፍስክም ቢሆን ቅቤ የገባበትን ቡና ማቀዝቀዝ አይሆንም፤ ቅቤው ረግቶ በብርጭቆው አፍ ላይ ይንሳፈፋል፥ ከንፈርም ላይ ይጣበቃል። ስለዚህ የኛ ቀዝቃዛ ቡና በቅመም የሚጣፍጥ፥ ወተት የማይሻ፥ ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ጾመኛ ሳይሠቀቅ ሊጠጣው የሚችል ሊሆን ይገባዋል። ከዚህ በታች የምንጽፈው አሠራር በዚህ ሐሳብ የተሰናዳ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ውኃው። ይህን ነገር አንባቢዎቻችን ከሁሉ አስቀድመው እንዲይዙልን እንለምናለን። ትኩስ ቡና ስለሚፈላ በውኃው ውስጥ ያለው የበሽታ ዘር ይሞታል፤ ቀዝቃዛ ቡናና በረዶ ግን እንዲህ ያለ ጠባቂ የላቸውም። ውኃ በረዶ በመሆኑ የበሽታ ዘር ይሞታል ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው፤ በበረዶ ውስጥ ቆይቶ ሲቀልጥ ይነሣል። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. በባሌ የተነሣው ኮሌራ ወደ ደቡብ ወረዳዎችም ተዛምቶ ብዙ ቤተ ሰብ ማስጨነቁን አንርሳ። ስለዚህ ለመዘፍዘፊያውም፥ ለመበረዣውም፥ ለበረዶውም የሚሆነው ውኃ አስቀድሞ ይፍላ። በሶዶ ከፍታ ላይ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ93 ዲግሪ ገደማ ስለ ሆነ፥ ከተንተከተከ በኋላ ወዲያው አይውረድ፤ 3 ደቂቃ ሙሉ ይንተክተክ። ከዚያም ተከድኖ ይቀዝቅዝ። የበረዶ መሥሪያውም በሳሙናና በፈላ ውኃ ይታጠብ።

አንደኛው አሠራር፤ በቀዝቃዛ ውኃ የሚዘፈዘፍ ቡና።

100 ግራም ቡና ይቈላ፤ እጅግ አይጥቆር፥ ቡናማ መልክ ሲይዝና መንጣጣት ሲጀምር ይውጣ። ከቀዘቀዘ በኋላ በሙቀጫ ይወቀጥ፤ ነገር ግን ለጀበና እንደምናደርገው አይድቀቅ፤ የቅንጬ ያህል ሸርከት ብሎ ይቅር። የላመ እንደ ሆነ ዝቃጩ አይጠልም፥ መጠጡም ይመርራል። ይህን ቡና በንጹሕ ማሰሮ ወይም በጆግ አድርጎ፥ ፈልቶ የቀዘቀዘ 1 ሊትር ውኃ ማፍሰስ፤ ማማሰልና መክደን። በማቀዝቀዣ ውስጥ ከ12 እስከ 16 ሰዓት ይቈይ። ማታ የዘፈዘፈች እመቤት በማግሥቱ ታገኘዋለች ማለት ነው። ከዚያም በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ይጥለል፤ ጨርቁ አይጨመቅ፥ ቢጨመቅ አተላው ያልፋል። የሚገኘው 800 ሚሊሊትር ያህል ነው፤ ምክንያቱም ዱቄቱ ከውኃው ይጠጣል። ይህ ጠንካራ ስለ ሆነ በእኩል ውኃ ተበርዞ ለ8 ሰው በብርጭቆ ይበቃል። ያልተበረዘው በማቀዝቀዣ ውስጥ ከ3 እስከ 4 ቀን ይቈያል፤ ከዚያ በላይ ማስቀመጥ አይገባም።

ቡናው እንዲህ ረጅም ሰዓት የሚዘፈዘፍበት ምክንያት አለው። ሙቅ ውኃ ከቡናው ውስጥ ጣዕሙንም፥ ምሬቱንም፥ ኮምጣጣነቱንም ባንድ ጊዜ ያወጣል፤ ቀዝቃዛ ውኃ ግን በዝግታ ይሠራል፥ ከምሬቱና ከኮምጣጣነቱም ጥቂቱን ብቻ ይወስዳል። ስለዚህ መጠጡ ለስለስ ይላል፥ ብዙ ስኳርም አይፈልግም። ጉድለቱም ሽታው ነው፤ ቀዝቃዛ ቡና እንደ ጀበና ቡና ቤቱን አያውድም። ይህን ጉድለት የምንሞላው በቅመም ነው።

ሁለተኛው አሠራር፤ የቅመም ሽሮፕ።

ብዙ ሰው ኮረሪማውን ወቅጦ በቀዘቀዘው ቡና ላይ ይበትናል፤ ቅመሙም ላዩ ላይ ተንሳፎ ይቀራል፥ ስኳሩም ከሥር ይዘቅጣል። ቅመም ጣዕሙን የሚሰጠው በሙቀት ነው፤ ስኳርም በቀዝቃዛ ውኃ ቶሎ አይሟሟም። ስለዚህ ሁለቱን አስቀድሞ አፍልቶ ማስቀመጥ ይሻላል። 1 ብርጭቆ ስኳርና 1 ብርጭቆ ውኃ በድስት ይጣድ። የ2 ኮረሪማ ፍሬ ተፈልፍሎ ሸርከት ተደርጎ፥ የአውራ ጣት ያህል ዝንጅብል ተልጦና ተከትክቶ፥ 1 ዘንግ ቀረፋና 3 ቅርንፉድ ይጨመርበት። በዝግታ እሳት 10 ደቂቃ ይንተክተክ፤ ከእሳት ወርዶ እስኪቀዘቅዝ ከነቅመሙ ይቈይ፤ ከዚያ ይጥለልና በፈላ ውኃ በታጠበ ጠርሙስ ይቀመጥ። በማቀዝቀዣ ውስጥ 2 ሳምንት ይቈያል። ለአንድ ብርጭቆ ቡና 1 የሾርባ ማንኪያ ይበቃል። ቅዝቃዜ የምላስን ስሜት ስለሚያደነዝዝ፥ ሽሮፑ በትኩሱ ሲቀመስ ጠንከር ያለ ቢመስል አያስደንግጥ፤ በበረዶው ላይ ልክ ይሆናል።

ጣፋጭ የማይወድ ሰው ያለበት ቤት ደግሞ የወላይታን ልማድ ይከተል፤ ቅመሙ ያለ ስኳር በውኃ ብቻ ይፍላ፥ ጥፍር የምታነሣው ያህል ጨው ይግባበት። ጥቂት ጨው የቡናን ምሬት እንደሚያለዝብ እናቶቻችን ያውቁ ነበርና ነው በቡና ላይ ጨው የሚያደርጉት።

ሦስተኛው አሠራር፤ የሱፍ ወተት።

ቡናው ነጣ እንዲል ለሚወዱ ሰዎች፥ ባልትናችን ከጥንት ጀምሮ የጾም ወተት ሰጥቶናል፤ ይኸውም ለፍትፍት የምናዘጋጀው የሱፍ ውኃ ነው። 1 ብርጭቆ ሱፍ ተለቅሞና ታጥቦ ለስለስ ባለ እሳት ይታመስ፤ እንዳያርር መጠንቀቅ ይገባል። ተወቅጦ ይነፋ፤ ገለባው ይውጣ። ዱቄቱ ፈልቶ በቀዘቀዘ 3 ብርጭቆ ውኃ ይበጥበጥና በጨርቅ ይጥለል። ነጭ እንደ ወተት የሆነ ፈሳሽ ይገኛል። ከዚህ የብርጭቆ ሩቡን ያህል በቡናው ላይ ማፍሰስ ነው። ይህ ግን ቶሎ ስለሚበላሽ በዚያው ቀን መጠጣት አለበት። ሰሊጥም በዚሁ ዐይነት ይሠራል።

አራተኛው አሠራር፤ የቀዘቀዘ የቡና ቅጠል።

የሃይታ ቱኬ ዘመድ የሆነ ለስላሳ መጠጥ ነው። ነጭ ሽንኩርቱና በርበሬው ለትኩሱ ይቈዩና፥ ሁለት እፍኝ የታጠበ የቡና ቅጠል፥ የአውራ ጣት ያህል ዝንጅብልና ጥቂት በሶብላ በሙቀጫ ሰነጣጥቆ በ1 ሊትር ውኃ 15 ደቂቃ ማፍላት። ከተጠለለ በኋላ ሲቀዘቅዝ የግማሽ ሎሚ ጭማቂና እንደ ፈቃድ ስኳር ይጨመርበታል። ቅጠሉ መድኃኒት ካልተረጨበት ቡና ይቀጠፍ፤ ከለጋ ችግኝም አይራገፍ፥ ፍሬውን የሚመግበው ቅጠሉ ነውና። ሲገረዝ ከሚወድቀው ቅርንጫፍ መልቀም ከሁሉ ይሻላል። በ2017 ዓ.ም. የካቲት የቡና ዋጋ በዓለም ገበያ ከዚያ በፊት ያልታየ ከፍታ ላይ ደርሶ ነበር፤ ፍሬው በሚወደድበት ጊዜ ቅጠሉ የድኻውን ቤት ከማፈር ያድነዋል።

ስለ ቁጠባ ሌላም እንበል። ከጀበና የተረፈው ቶና ብዙ ጊዜ ይደፋል። ይህ ሳይደፋ ትኩስ እንዳለ ተጠልሎ፥ ሲበርድ በበረዶ መሥሪያ ቢጨመር የቡና በረዶ ይሆናል። በቀዝቃዛው ቡና ላይ ከውኃ በረዶ ይልቅ ይህ ቢጨመር ሲቀልጥ መጠጡን አያቀጥነውም። ከሌሊት እስከ ቀትር በጀበና የከረመ ቡና ግን ለዚህ አይሁን።

ማቀዝቀዣ የሌለው ቤትስ እንዴት ያድርግ? 1870 ሜጋዋት ኤሌክትሪክ እንዲያመነጭ የተሠራውና በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የግልገል ጊቤ 3 ግድብ ወላይታንና ዳውሮን በሚያዋስነው በኦሞ ወንዝ ላይ ነው፤ ቢሆንም በዚያው አገር ማቀዝቀዣ የሌለው ቤት ብዙ ነው፥ ባለውም ቤት መብራት የሚጠፋበት ቀን አይታጣም። ለዚህ የአያቶቻችን እንስራ መላ ነው። ያልተቀባ የሸክላ ዕቃ ውኃውን በጥቂት በጥቂቱ ወደ ውጭ ያረጥባል፤ ያ እርጥበት በነፋስ ሲተን ከዕቃው ሙቀት ይዞ ይሄዳል፥ ውስጡም ይቀዘቅዛል። ስለዚህ የፈላው ቡና ከበረደ በኋላ በጠርሙስ ታሽጎ፥ ውኃ በተሞላ እንስራ ውስጥ ይነከር፤ እንስራው ከጥላ ሥር ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ይቁም፥ በእርጥብ ጨርቅም ይጠቅለል። የበረዶ ያህል አይቀዘቅዝም፤ ነገር ግን ለቀትር ጥም የሚያረካ ይሆናል፤ አየሩ ደረቅ በሆነበት በበጋም አብልጦ ይሠራል። እንዲህ የተሰናዳው ቡና ግን በዚያው ቀን ይጠጣ እንጂ አይደር፤ ለመዘፍዘፍም ሳይሆን ፈልቶ ለተሠራ ቡና ብቻ ይሁን።

እንስራውንና ጀበናውን ስናነሣ፥ የሠሩትን እጆች አንርሳ። በወላይታም ሆነ በሌላው የአገራችን ክፍል ሸክላ ሠሪዎች ብዙ ዘመን ሲናቁ፥ ከሌላው ወገን ጋራ እንዳይጋቡ ሲከለከሉ ኖረዋል። ከሠሩት ጀበና እየጠጡ ሠሪዋን መናቅ ለክርስቲያን ቤት አይገባም። በገበያ ዋጋዋን ሳንከራከር ስንከፍላት፥ ቡናችንም በቤታችን ስታልፍ ሲደርሳት፥ ያን ጊዜ ቡናው በእውነት ጣፈጠ እንላለን።

አሁን ደግሞ ስለ ጤና የምንለውን ልብ በሉልን። ትኩስ ቡና ትኩስነቱ ራሱ ገደብ ነው፤ ሲኒው ትንሽ ነው፥ ፉት እየተባለ ነው የሚጠጣው። ቀዝቃዛው ግን ጣፋጭ ነው፥ ብርጭቆውም ትልቅ ነው፥ በጥም ጊዜ ባንድ ትንፋሽ ይጨለጣል። 100 ግራም የተቈላ ቡና 1 ግራም የሚያህል ካፌይን አለበት፤ ከላይ በጻፍነው ልክ ተበርዞ ለ8 ሰው ሲከፈል ለአንዱ ብርጭቆ ከ100 እስከ 125 ሚሊግራም ይደርሰዋል። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለ ሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2015 እንዳስታወቀው፥ ለጤነኛ ዐዋቂ በቀን እስከ 400 ሚሊግራም፥ ለእርጉዝና ለምታጠባ እናት ግን እስከ 200 ሚሊግራም ጉዳት አያመጣም። ስለዚህ እርጉዝ የሆነች እኅት በቀን ከአንድ ብርጭቆ አትለፍ፤ በዚያው ቀን የጀበና ቡናም ከጠጣች እርሱም ከቍጥሩ ይግባ። ጤና አዳም ለእርጉዝ አይመከርምና በእርስዋ ብርጭቆ ላይ አይጨመር። ሕፃናት ደግሞ ጣፋጭነቱ እያታለላቸው ቡናውን እንዳይለምዱ፥ ለእነርሱ የዝንጅብልና የሎሚ ውኃ በበረዶ ማቅረብ ይበቃል።

ቡና ከምግብ ጋራ ሲጠጣ በእህልና በጐመን ውስጥ ያለውን የብረት ማዕድን ሰውነት እንዳይወስደው ያግዳል። በጾም ወራት ሥጋ ስለማይበላ፥ ደም የሚያንሳቸው ሴቶች ይህን ማወቅ አለባቸው፤ ቡናው ከምግቡ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ቈይቶ ይጠጣ። ጾሙንም በቀዝቃዛ ቡና መግደፍ መልካም አይደለም፤ ባዶ ሆድ ያቃጥላል። አስቀድሞ እህል ይቀመስ።

የመጨረሻው ነገራችን ከቅመሙም ከበረዶውም ይበልጣል። ሃይታ ቱኬ ሲፈላ ጎረቤት ይጠራል፤ የጀበና ቡናም አቦል፥ ቶና፥ በረካ እስኪደርስ ሰው ያስቀምጣል። በዚያ መካከል የታመመ ይጠየቃል፥ የተጣላ ይታረቃል፥ የተቸገረ ጉዳዩን ይናገራል። ቀዝቃዛ ቡና ግን በማቀዝቀዣ ውስጥ ተቀምጦ፥ የቤቱ ሰው ሁሉ በየሰዓቱ በየግሉ እየቀዳ የሚጠጣው ሊሆን ይችላል። እናት ልጅዋ የቀዘቀዘውን ስትሻ የምታዝነው በመጠጡ ሳይሆን በዚህ ይመስለናል፤ የቡናው ሙቀት ሲሄድ የሰው መሰብሰብ አብሮ እንዳይሄድ ትፈራለች። ፍርሃትዋም እውነት አለበት።

እንግዲህ መፍትሔው ይህ ነው። ልጅ ቀዝቃዛውን ቡና ስትሠራ በአንድ ብርጭቆ ለራስዋ ሳይሆን በጆግ ለቤተ ሰቡ ትሥራ። ቡናውን ትቍላ፤ ጢሱም እንደ ልማዱ ለተቀመጠው ሰው ሁሉ ይዙር፥ ቀዝቃዛው ቡና የጐደለውን ሽታ ቤቱ በዚህ ያገኛልና። ረከቦቱ ይዘርጋ፥ ቄጤማው ይጐዝጐዝ፥ ብርጭቆዎቹ ከሲኒዎቹ ጐን ይደርደሩ። ቆሎውም ይቅረብ። ለአረጋውያን ትኩሱ ከጀበና ይቀዳ፤ ለቀትር እንግዳና ለወጣቶች ቀዝቃዛው ከጆግ ይቀዳ። የቅመሙን ልክ ግን ልጅ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከእናትዋ ትጠይቅ፤ ኮረሪማው ስንት፥ ዝንጅብሉ ምን ያህል እንደ ሆነ እናት በእጅዋ መጥና ታሳያት። እናትም በበኩልዋ ከልጅዋ ብርጭቆ ትቅመስ። ያን ጊዜ አንዲቱ የአያትዋን ሙያ ትወርሳለች፥ ሌላዪቱም የልጅዋን ዘመን ትቀበላለች፤ ጎረቤትም እንደ ወትሮው ይጠራል።